የዕፅዋት ዘይት ምክር ስም፣ መጠንና ዕድሜ ይኑረው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣዎ የጤና ዓምድ ላይ የዕፅዋት ዘይቶች ለቆዳ እንክብካቤና ለቤት ውስጥ ሥራ ስለሚሰጡት አገልግሎት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው አንባቢው ይዘቱን በማያውቀው ቅባት ላይ ገንዘቡን ከሚያፈስ በቀላሉ የሚያገኘውን ዘይት በአግባቡ እንዲጠቀም ማበረታታታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ እኔም በመድኃኒት ባለሙያነቴ በብዙው ነገር እስማማለሁ። ቅር ያሰኘኝ ግን ዘይቶቹ ሁሉ በአንድ ሙገሳ ተጠቅልለው፣ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም በሚል አነጋገር መታለፋቸው ነው። አንዱ ዘይት ለአዋቂ ክንድ የሚስማማ፣ ሌላው ሕፃን ቢጠጣው ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለእንጨት ግሩም ሆኖ ሳለ የተወለወለበት ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያስነሳ የሚችል ነው። ሦስቱንም በአንድ ረድፍ አሰልፎ ተጠቀሙባቸው ማለት ምክር አይባልም። የዘይት ምክር በጋዜጣ ሲወጣ የዘይቱን ስም፣ የሚወሰደውን መጠን፣ ለማን እንደማይሆንና ተከፍቶ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አብሮ ሊናገር ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ጽሑፉ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ዘይቶች በሁለት ፈጽሞ በተለያዩ ወገኖች የሚመደቡ ናቸው። የወይራ፣ የሱፍ አበባ፣ የኮኮናት፣ የጉሎና የተልባ ዘይት ከፍሬ ወይም ከዘር ተጨምቀው የሚወጡ ስቦች ናቸው። ስብ ከግሊሰሪንና ከስብ አሲዶች የተገነባ መሆኑን አጥርተው ያሳዩት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዤን ሼቭረል ሲሆኑ፣ የምርምራቸውን ውጤት አጠቃልለው ያሳተሙትም እ.ኤ.አ. በ1823 ነበር። (እኚህ ሰው 102 ዓመት ኖረዋል፤ ዘይት ሻጮች እስካሁን ለማስታወቂያ አለመጠቀማቸው ይገርመኛል።) የላቬንደር፣ የቲ ትሪ (የአውስትራሊያ ዛፍ ነው)፣ የባሕር ዛፍና የመሳሰሉት መዓዛማ ዘይቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ወይም አበባው በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ላይ ተንሳፍፈው የሚቀዱ ናቸው። በውስጣቸው ስብ የለም፤ በብዙ ዓይነት የሚቆጠሩ በቀላሉ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ናቸው። አንባቢ ልዩነቱን በዓይኑ ለማየት ከፈለገ በነጭ ወረቀት ላይ ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ ያንጠብጥና ለጥቂት ሰዓታት ይተወው። የወይራው ጠብታ ወረቀቱን ብርሃን እንዲያሳልፍ አድርጎ፣ ጠርዙ እየሰፋ፣ በማግሥቱም ቅባቱ እንዳለ ይገኛል። የላቬንደሩ ጠብታ ግን ይተንና ወረቀቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ሽታው ብቻ ትንሽ ይቆያል። ንጹሕ ነው ተብሎ የተሸጠ የላቬንደር ዘይት የቅባት ክብ ትቶ ከሄደ በርካሽ ዘይት መቀየጡን መጠርጠር ያስኬዳል።

ወደ ቆዳ ስንመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዘይት በራሱ ውሃ እንደሌለው ነው። ደረቅ ቆዳ የጎደለው ውሃ ነው፤ ዘይት የሚሠራው ሥራ ደግሞ ያለው ውሃ እንዳይተን መከልከልና የቆዳውን ገጽ ማለስለስ ነው። ስለዚህ ከደረቀ ገላ ላይ ብዙ ዘይት ማፍሰስ ብልጭታ ከመስጠት ያለፈ ብዙ ጥቅም የለውም። ከታጠቡ በኋላ ገላን በፎጣ ሳይፈትጉ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ፣ ቆዳው ገና እርጥበት እንዳለው ጥቂት ጠብታ በመዳፍ አሙቆ በስሱ ማዳረስ፣ ከዚያም እስኪገባ ድረስ ልብስ ለመልበስ አለመቸኮል ይበቃል። መዳፍ ላይ የቀረው ዘይት ፎጣ ላይ የሚጠረግ ከሆነ የተወሰደው መጠን በዝቷል ማለት ነው። ውሃ እንዳይተን በመከልከል ብቻ ከተመዘነ ደግሞ፣ የተፈጥሮ ዘይት ወዳጆች ባይወዱትም፣ ከነዳጅ የሚወጣው ቫዝሊን ከዕፅዋት ዘይቶች ሁሉ ይበልጣል። ክርክሩን በቅንነት ለማካሄድ ይህን መደበቅ አይገባም። የዕፅዋት ዘይት ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው፤ ቀለል ብሎ የሚዳረስ ነው፣ አንዳንዱም ቆዳ ራሱ የሚጠቀምባቸውን የስብ አሲዶች ይዟል።

እዚህ ላይ ነው የዘይቱ ስም መጠራት ያለበት። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ሴሎቹን አያይዞ የሚይዘው ሴራማይድ ከተባለው የቆዳ ስብ፣ ከኮሌስትሮልና ከስብ አሲዶች የተሠራ ስስ ንብርብር ነው፤ ከሴራማይዶቹ አንዳንዶቹ የሚገነቡት ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድ ከተባለው የስብ አሲድ ነው። የተለመደው የሱፍ አበባ ዘይት በዚህ አሲድ የበለጸገ ነው። የወይራ ዘይት በአንጻሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሌይክ አሲድ ደግሞ ያንን ንብርብር የማላላት ባሕርይ ስላለው የመድኃኒት ቀማሚዎች መድኃኒት በቆዳ በኩል እንዲገባ ለማገዝ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሼፊልድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አዋቂ ፈቃደኞች ለጥቂት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ ክንዳቸውን የወይራ ዘይት ሲቀቡ የቆዳቸው የመከላከያ ሽፋን ተዳክሞና መጠነኛ መቅላት ታይቶበት የተገኘ ሲሆን፣ የሱፍ አበባ ዘይት የተቀባው ክንድ ግን ሽፋኑ ሳይጎዳ እርጥበቱ ተሻሽሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ለዘመናት «ለስላሳ» ተብሎ ለሕፃናት ሲመረጥ የኖረው የወይራ ዘይት ደረቅ ወይም ችፌ የሚያስቸግረው ቆዳ ላላቸው ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫ መሆን እንደማይገባው ለመናገር በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ከዚህ ተነሥቶ የሱፍ አበባ ዘይት ለሕፃን ሁሉ ይቀባ ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በማንቸስተር ጤናማ አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የወይራም ሆነ የሱፍ አበባ ዘይት የተቀቡት ሕፃናት ቆዳቸው ቢለሰልስም፣ ምንም ካልተቀቡት ጋር ሲነጻጸሩ የስቡ ንብርብር በሚጠበቀው መጠን ሥርዓት ይዞ አልተገነባም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሱፍ አበባ ዘይት ሲቀቡ፣ በሆስፒታል ከሚይዝ የደም ኢንፌክሽን የመጠበቅ ዕድላቸው ከፍ ማለቱ ተመዝግቧል። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። በመጀመሪያው የተጠኑት ቆዳቸው ሙሉ የሆነ፣ የዘይት እርዳታ የማይሹ ሕፃናት ነበሩ፤ በሁለተኛው የተጠኑት ቆዳቸው ገና ያልጠና፣ በሐኪም ክትትል ሥር የነበሩ ጨቅላዎች ናቸው። ጤናማ አራስ ቆዳው ካልደረቀ ምንም ባይቀባ አይጎዳም፤ ይህን ለእናቶች ስናገር ብዙዎቹ አንድ ነገር የከለከልኳቸው ያህል ቅር ይላቸዋል።

የኮኮናት ዘይት ጉዳይ ሌላ ነው። ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ ሞለኪዩሉ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ፀጉር ዘንግ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የላቦራቶሪ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ አበባና የማዕድን ዘይት ሲነጻጸሩ፣ ፀጉር ሲታጠብና ሲበጠር የሚያጣውን ፕሮቲን በጉልህ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ፀጉራቸው ለሚሰባበር ሰዎች ከመታጠባቸው በፊት ከመካከል እስከ ጫፍ ቢቀቡት ትርጉም ያለው ነገር ነው። የራስ ቆዳን ግን መለየት ያስፈልጋል። ፎረፎርን ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ ማላሴዚያ የተባለ፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው፤ ይህ ፈንገስ ራሱን በራሱ ስብ መሥራት ስለማይችል የሚኖረው ከቆዳችን በሚያገኘው ስብ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ሊያባዙት የሚፈልጉ ባለሙያዎች ምግቡ ላይ የወይራ ዘይት ይጨምሩለታል። ራሱን የሚያሳክከው፣ ቅባት ያለው ቅርፊት የሚረግፍለት ሰው የራስ ቆዳው ደርቋል ብሎ በየማታው ዘይት ሲያጠጣው ምን እየመገበ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚረዳው ፈንገስን የሚያጠፋ ሻምፖ ነው።

ስለ ብጉር ብዙ አልልም። ዘይቶችን የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናሉ አይደፍኑም እያለ በቁጥር ደረጃ የሚያወጣው ሰንጠረዥ በብዛት የተመሠረተው ከበርካታ ዓሥርተ ዓመታት በፊት በጥንቸል ጆሮ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ስለሆነ፣ በሰው ፊት ላይ የሚሆነውን በትክክል አይተነብይም። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው አንድ ዘይት ለመሞከር ከፈለገ በመንጋጋው አንድ ጎን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ይሞክር። የፀሐይን ነገር በተመለከተ ግን መናገር ግዴታዬ ነው፤ የካሮት ዘር ወይም የእንጆሪ ዘር ዘይት ፀሐይን ይከላከላል የሚለው ወሬ እምነት የሚጣልበት መሠረት የለውም። ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል ካለመቀባት የተሻለ ጥበቃ አገኘሁ የሚል የውሸት ድፍረት ስለሚሰጥ ጉዳቱ ይብሳል።

አሁን ወደ መዓዛማዎቹ ልለፍ፤ ጽሑፉ በጣም የቀለለባቸውም እነዚህ ናቸው። እነዚህ ዘይቶች ከብዙ ኪሎ ቅጠልና አበባ የሚገኙ እጅግ የተከማቹ ፈሳሾች ናቸው፤ እንደ ወይራ ዘይት በመዳፍ ተቀድተው የሚቀቡ አይደሉም። 1 ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ይሆናል ብንል፣ በ30 ሚሊ ሊትር የተጨመቀ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ መጨመር የ1 በመቶ ድብልቅ ይሰጣል፤ ለፊት ከዚህ ማለፍ አይገባም፣ ለገላም እጥፉ ይበቃል። ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ በ124 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ያለበት ጄል ብጉርን መቀነሱን፣ ከተለመደው የብጉር መድኃኒት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይልቅ ሥራውን ቀስ ብሎ ቢጀምርም ማቃጠሉና ማድረቁ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ልብ ይባል፤ የተጠናው 5 በመቶው ነው። ጽሑፋችሁ «ብጉሩ ላይ ጠብ ማድረግ» ሲል የመከረው ግን ያልተቀየጠውን ነው፣ ይህም በጥናቱ ከተጠቀመበት 20 እጥፍ የበረታ ነው።

አንድ ሰው መዓዛማ ዘይት ለወራት ሲቀባ ቆይቶ በድንገት ሽፍታ ሲወጣበት ዘይቱን የሚጠረጥረው በመጨረሻ ነው፤ እስከ ትናንት ተስማምቶት ነበርና። የላቬንደሩ ሊናሎልና የሎሚው ልጣጭ ሊሞኒን ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ከአየር ጋር እየተዋሐዱ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ውሁዶች ይሆናሉ። የሰውነት መከላከያ አንድ ጊዜ ከለያቸው በኋላ ደግሞ ሽታው ያለበት ሳሙና እንኳ ሊያሳክክ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሁለቱን ጨምሮ 26 መዓዛ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ ምርት ከ0.01 በመቶ በላይ ሲገኙ በስማቸው እንዲጻፉ ሲያስገድድ የኖረው ለዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ንጥረ ነገሮቹ ከዕፅዋት ቢመጡም ከፋብሪካ ቢመጡም ሕጉ ልዩነት አያደርግም። ከልጣጭ የሚጨመቀው የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት በበኩሉ ሌላ ጠባይ አለው፤ በውስጡ ያለው ቤርጋፕተን ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎ ያስነሳል፣ ቃጠሎው ሲድንም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጥላ ይተዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን በስሕተት መጠጣቱ ነው። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ የባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽን ልጅ ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል። ካምፎር የተባለው ኃይለኛ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ያለባቸው ዘይቶችም እንዲሁ ናቸው። ይህ ቢደርስ ልጁን ለማስመለስ መሞከር አደጋውን ያብሳል፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። በቤት ውስጥ ድመት ካለች ደግሞ ጉበቷ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚያስወግድበት መንገድ ደካማ ስለሆነ፣ ለቁንጫ ተብሎ ፀጉሯ ላይ የሚደረግ የቲ ትሪ ዘይት ሊገድላት ይችላል። ስለ ትንኝ ጽሑፉ የጠቀሰው፣ ሲትሮኔላ ከተባለ መዓዛማ ሣር የሚወጣው ዘይት ያባርራል፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚተን በየሰዓቱ መደገም ይፈልጋል። ረዘም ያለ ጊዜ የሚሠራውና የጤና ተቋማትም የሚቀበሉት የሎሚ ሽታ ካለው ባሕር ዛፍ የሚዘጋጀው ፒኤምዲ የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱም ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይመከርም። ወባ ወይም ሌላ የትንኝ በሽታ ባለበት ቦታ ልዩነቱ የሽታ ምርጫ አይደለም።

የዘይት ዕድሜም በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ አልተነሣም። ዘይት የሚበላሸው በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ነው፤ የስብ አሲዶቹ ያልጠገቡ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሐዱ፣ በሆኑ መጠን ቶሎ ይበላሻል። የተልባ ዘይት በዚህ ረገድ እጅግ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። የኮኮናት ዘይት አብዛኛው የጠገበ ስብ በመሆኑ ብዙ ይቆያል፣ ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መርጋቱም የመበላሸት ምልክት አይደለም። ጆጆባ ከተባለው ቁጥቋጦ ዘር የሚወጣው ዘይት ደግሞ በሥነ አፈጣጠሩ ፈሳሽ ሰም ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ ይጸናል። ዘይት መበላሸቱን አፍንጫ ይለየዋል፤ አሮጌ ቀለም ወይም የቆየ ለውዝ የሚመስል ሽታ ሲያመጣ ቆዳ ላይ መቀባት የለበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ በትንሽና በጥቁር ጠርሙስ መግዛት፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ፣ ከመስኮት ማራቅ። ለለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ያልተጣራ የለውዝ ዘይት የፕሮቲን ቅሪት ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ንጹሕ ዘይት ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያ አይራባበትም። ውሃ፣ የእሬት ጭማቂ ወይም የአበባ ውሃ ተጨምሮበት ሲመታ ግን ያማረ ነጭ ቅባት ይሆንና፣ መከላከያ ንጥረ ነገር ከሌለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዓይን የማይታይ ተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። እርጥብ ቅጠል በዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ማስቀመጥም እንደዚሁ ነው፤ ቅጠሉ ከነውሃው ይገባል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጪ ሲቀመጥ አየር በሌለበት የሚያድገው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ መርዝ ሊያመነጭ እንደሚችል የታወቀው በመከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ታመዋል። ቅጠል መዘፍዘፍ የሚፈልግ ሰው በሚገባ የደረቀውን ይጠቀም።

በቤት ውስጥ ሥራ ረገድ ዋናው ጥያቄ ዘይቱ የሚደርቅ ነው ወይስ አይደርቅም የሚለው ነው። የተልባ ዘይት በአየር ውስጥ እየጠነከረ ወደ ቀጭን ሽፋን ይለወጣል፤ ለእንጨት ዕቃ የሚመረጠውም ስለዚሁ ነው። የወይራ ዘይት አይደርቅም፤ እንጨት ላይ ሲቀባ ለጊዜው ያሳምራል፣ ከዚያ አቧራ ይይዛል፣ ቆይቶም ይሸታል። የሱፍ አበባ ዘይት በመካከል ያለ ነው፤ መክተፊያ ላይ ሲደጋገም እጅ የሚይዝ ሙጫ ይሆናል። ሲጢጥ የሚል የበር ማጠፊያ ላይ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግን ጽሑፉ መክሯል። የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የማጠፊያውን ዘንግ ነቅሎ ላየው፣ ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ በዘንጉ ዙሪያ ቡናማ፣ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሰም የሚጠቀለል ልጣጭ ሆኖ ይገኛል፣ በሩም ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ለማጠፊያ የማሽን ዘይት ይሻላል። ያው የመጠንከር ጠባይ ግን በብረት መጥበሻ ላይ ሲሆን ጌጥ ነው፤ በጣም በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተወልውሎ፣ በኃይለኛ ሙቀት ሲጋገር ዝገት የሚከላከልና ምግብ የማያስይዝ ጥቁር ሽፋን ይሰጣል። ከጠርሙስ ላይ የማይለቅ የወረቀት ሙጫን ወይም እጅ ላይ የተጣበቀ የዛፍ ሙጫን ለማስለቀቅ ደግሞ የትኛውም የተጨመቀ ዘይት ይሆናል፤ ትንሽ አሽቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ነው። የላቴክስ ጓንትም ሆነ ኮንዶም ግን ዘይት ሲነካው እንደሚዳከምና እንደሚቀደድ መረሳት የለበትም።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ጉዳይ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፣ በዚህም ሂደት ሙቀት ያወጣል። እንጨቱ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል። የተወለወለበት ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ሲጣል ግን ሙቀቱ በእጥፋቶቹ መካከል ይታመቃል፤ ጨርቁ መጀመሪያ ለብ ይላል፣ ቀጥሎ መራር ሽታ ያወጣል፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1991 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ባለ 38 ፎቁ የዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ሕንፃ 22ኛ ፎቅ ላይ የተነሣው እሳት መነሻው የእንጨት ግድግዳ የተወለወለበት የተልባ ዘይት ጨርቅ ነበር። እሳቱ ብዙ ፎቆችን በልቶ፣ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ገድሎ የቆመው 30ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያም ያስቆመው በጣሪያው የተገጠመው ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ነበር። ለአንባቢ የሚነገረው ጥንቃቄ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጨርቁን ከቤት ውጪ ዘርግቶ እስኪደርቅ መተው፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ማስቀመጥ ነው። የማሳጅ ዘይት የጠጡ ፎጣዎችም ታጥበው ዘይቱ ሳይለቅ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከገቡና ትኩሳቸውን ተከምረው ከቆዩ በዚሁ መንገድ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሳሙና በቤት ስለመሥራት በጽሑፉ የቀረበው መመሪያ ላይ ደግሞ ግልጽ እርማት እንዲወጣ እጠይቃለሁ። መመሪያው «ማንኛውንም የዕፅዋት ዘይት» ወስዶ የተወሰነ መጠን ኮስቲክ ሶዳ (ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጥ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል) መጨመርን ያዝዛል። 100 ግራም የወይራ ዘይት ወደ ሳሙና ለመለወጥ 13.5 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ሲፈልግ፣ ያው መጠን የኮኮናት ዘይት 18 ግራም ያህል ይፈልጋል። ለኮኮናት የተሰላውን ልክ በወይራ ዘይት ላይ የተጠቀመ ሰው አራት ግራም ተኩል ያህል ያልተዋሐደ ኮስቲክ ሶዳ በሳሙናው ውስጥ ይቀርለታል፤ ያ ሳሙና ቆዳ ይልጣል። ከዚህም ሌላ ኮስቲክ ሶዳው ቀስ እየተባለ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስስም፣ ፈልቶ ይረጫልና፤ ዕቃው ከአልሙኒየም የተሠራ መሆን የለበትም፣ ዓይንና እጅም መሸፈን አለባቸው። እነዚህ ነገሮች በመመሪያው ውስጥ አልነበሩም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ የሳሙናውን መመሪያና ያልተቀየጠ የቲ ትሪ ዘይት መቀባትን የሚመክረውን ክፍል በሚቀጥለው እትም እንዲያርም፣ ወደፊትም ተመሳሳይ ጽሑፍ ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ዘይት ስም ጎን የድብልቁን መጠን፣ የዕድሜ ክልሉንና የአቀማመጡን ሁኔታ እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ። እርማቱ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ ቦታ ካስፈለገም ከዚህ ደብዳቤ የፈለጉትን ያህል ቆርጠው፣ ስለ ባሕር ዛፍ ዘይትና ስለ ኮስቲክ ሶዳ የተጻፈውን ብቻ ቢያወጡት ቅሬታ የለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ የሆነ የመድኃኒት ባለሙያ